ክንፍ ሲለመጥ አንዱ ይሰረዛል፣ አንዱ ይመከራል፤ ሚዛኑ ምንድነው?

ሰንበት ከሰዓት፦

ሰላም ወገኖች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን የ2024ቱን (በፈረንጆቹ) የፎርሙላ ዋን የባኩ ውድድር እንደገና አየሁት። የማክላረኑ ኦስካር ፒያስትሪ የፌራሪውን ሌክለርን ከኋላው አሰልፎ ያላሳለፈበት ውድድር ነው። ወደ ኋላ የምታየዋን ካሜራ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። በዚያ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ቀጥታ መንገድ ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር የኋላ ክንፉ የላይኛው ክፍል የፊት ጠርዙ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ከታችኛው ክፍል ጋር ያለችው ክፍተት ትሰፋለች፣ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዲአርኤስ (ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና ለማለፍ የኋላ ክንፉን በአዝራር የሚከፍትበት ዘዴ) አልተከፈተም። ከፊቱ የሚያሳድደው መኪና ስላልነበረ ሊከፍተውም አይፈቀድለትም ነበር። ክንፉ በራሱ ጊዜ ነው የተከፈተው።

ከዚያስ? ውጤቱ ጸና። ሳምንት ሳይሞላ ማክላረን ከስፖርቱ የበላይ አስተዳዳሪ ከኤፍአይኤ ጋር ተነጋግሮ ክንፉን አስተካክላለሁ አለ፣ በቃ ጉዳዩ ተዘጋ።

አሁን ወደ 2014 አቡዳቢ እንመለስ። የሬድ ቡል ቡድን ሹፌሮች ሪካርዶና ፌተል የመነሻ ቦታ የሚለይበትን ማጣሪያ 5ኛና 6ኛ ሆነው ጨረሱ። ዳኞቹ የፊት ክንፋቸው በአየር ጫና እንዲለመጥ ሆኖ ተሠርቷል ብለው ሁለቱንም ሰረዟቸው። ከፒት ሌን (ከጥገናው መስመር፣ ከሁሉም ኋላ) ነው የተነሱት። ማንም ጠርቶ «እስቲ ይቺን አስተካክሉና ኑ» አላላቸውም።

ሕጉ ያው አንድ ነው። አየር የሚሠራበት የመኪናው አካል ሁሉ ጠብቆ ይታሰር፣ አይንቀሳቀስ ይላል። ታዲያ ለአንዱ ስረዛ፣ ለሌላው ምክር የሚሆነው በምን ሚዛን ነው? የማክላረን ጥላቻ የለብኝም፣ ሹፌራቸውን ኖሪስን እንዲያውም እወደዋለሁ። ግን ውድድር እያየሁ «ይሄ መኪና እውነት ሕጋዊ ነው?» እያልኩ መብሰልሰል ሰልችቶኛል። የምታውቁ አስረዱኝ።

ካርቦን፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥራዬ የአውሮፕላን ጥገና ነው፣ ካርቦን ፋይበር በየቀኑ እነካለሁ፣ ስለዚህ ከቁሱ ልጀምር።

የማይለመጥ ነገር የለም። በቦይንግ 787 መስኮት ዳር ተቀምጦ የበረረ ሰው ያውቀዋል፣ አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሳ የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ይላል። ሆን ተብሎ እንዲያ እንዲሆን ነው የተሠራው። የፎርሙላ ዋን ክንፍም የዚያው ቁስ ዘመድ ነው። ካርቦን ፋይበር እንደ ብረት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይጠነክርም። እንደ ጨርቅ እየተነባበረ በሙጫ ይጋገራል፣ ጥንካሬው ክሩ በሄደበት በኩል ነው። በየንብርብሩ የክሩን አቅጣጫ እየቀያየርክ፣ ከላይ ሲጫኑት ንቅንቅ የማይል ነገር ግን ወደ ኋላ ሲገፉት የሚጠመዘዝ አካል መሥራት ትችላለህ። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ «አይንቀሳቀስ» የሚለው አንቀጽ ብቻውን ለዳኝነት አይበቃም። ቃል በቃል ከተወሰደ እዚያ ከተሰለፉት መኪኖች አንድም ሕጋዊ የለም። ኤፍአይኤ ይህን ስለሚያውቅ ቁጥር አበጀለት። መኪናው ቆሞ፣ ክንፉ የታወቀ ቦታ ላይ የታወቀ ክብደት ይጫንበታል፣ ስንት ሚሊሜትር ወረደ ተብሎ ይለካል። የፊት ክንፍ በሁለቱም በኩል 100 ኪሎ ሲጫንበት እስከ 15 ሚሊሜትር ይፈቀድለት ነበር፣ ከ2025 የባርሴሎና ውድድር ወዲህ ወደ 10 ሚሊሜትር ወረደ።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ ምርመራው ላይ ያለው 100 ኪሎ ነው፣ መንገዱ ላይ ያለው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ጫና አራት እጥፍ ይሆናል። መሐንዲሱ ደግሞ ክብደቱ የትኛው ነጥብ ላይ እንደሚቀመጥ ቀድሞ ያውቃል። እዚያ ያጠነክረዋል፣ ሌላ ቦታ ያለሰልሰዋል። በ2010 የሬድ ቡል የፊት ክንፍ ጫፉ መሬት ሊነካ ሲደርስ ሁሉም ጮኸ፣ ኤፍአይኤም የቤልጂየሙ ስፓ ውድድር ላይ ምርመራውን ከ50 ወደ 100 ኪሎ አሳደገው። ሬድ ቡል አለፈው። ፈተናው ከብዶም አለፈው።

ጥቅሙ ምንድነው ለምትሉ ደግሞ፦ በዝግታ በሚታለፍ ኩርባ የመኪናው አፍንጫ መሬት እንዲይዝልህ ትፈልጋለህ፣ አለዚያ መሪውን አዙረህ መኪናው አልታጠፍም ይልሃል። በፈጣን ኩርባ ግን ያው የፊት ጉልበት ከበዛ ኋላው ይሸሽብሃል። ፍጥነት ሲጨምር የፊት ክንፉ ከተለመጠ የፊቱ ጉልበት በራሱ ይቀንሳል። ሹፌሩ ምንም ሳይነካ ለዝግታውም ለፍጥነቱም የተስማማ መኪና አገኘ ማለት ነው። በ2022 የመጡት መኪኖች በተለይ ይሄ ጠባይ ስላለባቸው ነው ሁሉም ወደዚህ የሮጠው።

ብርቱካናማው፦

ካርቦን ተባረክ፣ ግልጽ ነው።

እኔ የማክላረን ደጋፊ ነኝ፣ አልደብቅም። ግን እንነጋገር። የባኩ ክንፍ ባኩ ላይ የነበረውን ምርመራ ሁሉ አልፏል። ምርመራውን ያለፈ መኪና በቴሌቪዥን ሲንቀሳቀስ ታየ ተብሎ ይሰረዝ? በየትኛው ቁጥር? እንዲያ ከተጀመረ ካሜራው ጥሩ ቦታ ላይ የተተከለበት መኪና ብቻ ነው የሚቀጣው።

ደግሞ ያኔ ሁሉም ሰው «የማክላረን ፍጥነት ክንፉ ነው፣ ክንፉን ያዙትና ታያላችሁ» ሲል ነበር። እሺ፣ ያዙት። 2025 አውስትራሊያ ላይ የኋላ ክንፍ 75 ኪሎ ሲጫንበት ያቺ ክፍተት ከ2 ሚሊሜትር በላይ እንዳትለወጥ ተባለ። በሳምንቱ ቻይና ላይ እንደገና አጥብቀው ወደ 0.5 ሚሊሜትር አወረዱት፣ ለዚያ ውድድር ብቻ ትንሽ ልዩነት ፈቅደው። ፒያስትሪ አሸነፈ። ባርሴሎና ላይ የፊት ክንፍ ምርመራ ጠበቀ። ፒያስትሪ 1ኛ፣ ኖሪስ 2ኛ። የፌራሪው ሹፌር ሃሚልተን ራሱ ምንም አልተለወጠም፣ ገንዘብ ነው የባከነው ብሎ ተናገረ።

እና ምን እንበል? መኪናው ጥሩ ስለነበረ ነው። የጎማ ሙቀት አያያዙን ማንም አልደረሰበትም፣ ስለዚያ ግን ማንም ክር አይከፍትም።

ቀይ ደም፦

ብርቱካናማው ወንድሜ፣ ባርሴሎናን ለመከራከሪያ አታምጣው፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ማን አሸነፈ አይደለም ነገሩ። መቼ ተለወጠ ነው።

እስቲ አስበው። የፊት ክንፉ በጣም እየተለመጠ ነው ብለው ካመኑ ከመጀመሪያው ውድድር ጀምሮ ይከልከል። ካላመኑ ደግሞ ዓመቱን ይጨርስ። ስምንት ውድድር ተፈቅዶ በዘጠነኛው መከልከል ምን ዓይነት ሕግ ነው? ምክንያታቸው የተሠሩት ክንፎች እንዳይጣሉ ነው። የበጀት ጣሪያ አለ፣ ይገባኛል። ግን ያው ክንፍ በግንቦት መጨረሻ ተጥሎ አዲስ ተሠርቶ የለም እንዴ? ወጪው የት ቀረ?

2021ም ያው ነው። ያኔ የመርሰዲስ ሹፌር የነበረው ሃሚልተን ባርሴሎና ላይ የሬድ ቡል የኋላ ክንፍ ቀጥታ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ይተኛል ብሎ ተናገረ። ኤፍአይኤ ቪዲዮውን አየ፣ ልክ አይደለም ብሎ አመነ፣ አዲስ ምርመራ አዘጋጀ። ግን የሚጀምረው ሰኔ 15 በፈረንጆቹ ነው ተባለ። በመሃል ሞናኮና ባኩ አሉ። ሁለቱንም ያሸነፈው ማነው? ሬድ ቡል። ሞናኮን ፈርስታፐን፣ ባኩን ፔሬዝ። የመርሰዲሱ አለቃ ቶቶ ቮልፍ ባኩ ላይ ክስ እናቀርባለን እያለ ሲዝት ነበር። ምርመራው ከጀመረ በኋላም ለመጀመሪያው ወር 20 በመቶ ይቅርታ ተጨመረበት። እኔ የመርሰዲስ ደጋፊ አይደለሁም፣ የፌራሪ ነኝ፣ ግን ልክ ያልሆነ ነገር ልክ አይደለም። ጥፋት ነው ብለህ ካወቅህ በኋላ «ለሁለት ውድድር ቀጥልበት» አይባልም።

ፖል ፖዚሽን፦

ቀይ ደም፣ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ አዲሱ ምርመራ ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያው ውድድር ፈረንሳይ ላይም ፈርስታፐን ነው ያሸነፈው። በጊዜው ላይ ግን ከአንቺ ጋር ነኝ።

ወደ ጠያቂው ልምጣ። ሰንበት ከሰዓት፣ ሚዛኑን የሚለየው ቁጥር አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። ቁጥር ባለበት ቦታ ኤፍአይኤ ለማንም አይራራም። 2021 ብራዚል ኢንተርላጎስ ላይ ሃሚልተን ማጣሪያውን በአስተማማኝ ሁኔታ አሸንፎ ነበር። ዲአርኤሱ ሲከፈት ክፍተቱ ከ85 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ሕግ ነበር። በአንድ በኩል በ0.2 ሚሊሜትር በለጠ። 0.2! ዳኞቹ መርሰዲስ ሆን ብሎ አላደረገውም ብለው አምነዋል፣ ቢሆንም ሰረዙት፣ መጨረሻ ተነሳ። ፈርስታፐን ደግሞ ያንኑ ክንፍ በጣቱ ስለነካ 50,000 ዩሮ ተቀጣ። 2025 ላስ ቬጋስ ላይም ኖሪስና ፒያስትሪ ከመኪናቸው ሥር ያለው ሰሌዳ 9 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው ከዚያ በጥቂቱ ሳስቶ ስለተገኘ ሁለቱም ተሰረዙ። እዚያም ሆን ተብሎ አልተደረገም ተብሏል። ዋንጫው በሁለት ነጥብ ልዩነት በተወሰነበት ዓመት! ማክላረን ስለሆነ ይቅር አልተባለም።

ቁጥር በሌለበት፣ ማለትም ምርመራውን ያለፈ ግን የሕጉን መንፈስ የጣሰ ነገር ሲሆን፣ ልማዱ «ከአሁን በኋላ ይቅር» ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። 2007 ሜልቦርን ላይ የራይኮነን ፌራሪ ወለሉ የፊት ጫፍ ላይ ስፕሪንግ ነበረበት፣ በፍጥነት ወደ ላይ እየተነሳ ይጠቅመው ነበር። ጥያቄውን ያነሳው ማን ይመስላችኋል፣ ራሱ ማክላረን ነው። ኤፍአይኤ ምርመራውን አጠበቀ፣ የራይኮነን ድል ግን ጸና። ራይኮነን በዚያው ዓመት በአንድ ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ።

2014 አቡዳቢ ለምን ተለየ ካልክ፣ ዳኞቹ ክንፉን ራሱን አይተው እንዲለመጥ ታስቦ የተሠራ ነው ብለው ስለወሰኑ ነው። እዚህ ላይ ጥያቄህ ትክክለኛ ቦታ ነክቷል። ምክንያቱም ይሄ የሚያሳየው ኤፍአይኤ ሲፈልግ ከቁጥሩ አልፎ ዓላማውን መዳኘት እንደሚችል ነው። ስልጣኑ አለው። መቼ እንደሚጠቀምበት ግን ተመልካቹ አያውቅም፣ በየውድድሩም ዳኞቹ ይቀያየራሉ።

የያስ ጎረቤት፦

አቡዳቢ ነው የምኖረው፣ ፎርሙላ ዋን ማየት የጀመርኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ካሜራ አለ አይደል? በየመኪናው ላይ ስንት ካሜራ ተተክሎ፣ ቆሞ ክብደት ከመጫን ለምን በሩጫው ላይ ያለውን አይለኩትም?

ካርቦን፦

የያስ ጎረቤት፣ ሞክረውታል። 2021 ላይ የኋላ ክንፎች ላይ ነጥብ ነጥብ ምልክት እንዲለጠፍ አድርገው በኋላ ካሜራው ሲከታተሉ ነበር። ከ2024 የስፓ ውድድር ጀምሮ ደግሞ የፊት ክንፉን የሚያዩ ካሜራዎች በልምምድ ሰዓት እንዲገጠሙ አዘዙ። የ2025ቱ ጥብቅ ምርመራ የመጣው ከዚያ ክትትል በኋላ ነው። ስለዚህ ካሜራው ያጠረው ማስረጃ በመሆን ነው እንጂ ማንቂያማ ሆኗል።

ማስረጃ ያልሆነበት ምክንያት ይሄ ነው። አንዱ መኪና በ310 ሌላው በ325 እየሄደ ነው የተቀረጸው። አንዱ ከፊቱ መኪና አለ፣ አንዱ ንጹሕ አየር ላይ ነው። ነፋሱ ይለያያል። ክንፋቸው ላይ ያረፈው ጫና እኩል ካልሆነ ያሳየውን መለመጥ ማነጻጸር አትችልም። ካሜራውም ራሱ የተተከለበት አካል ይንቀጠቀጣል። ይግባኝ ሰሚው ፊት ጠበቃ ይዞ የሚቀርብ ቡድን እነዚህን አንድ በአንድ ያፈርሳቸዋል። ቆሞ የሚለካው ግን ለሁሉም እኩል ነው፣ ሁለት ጊዜ ብትለካውም ያው ቁጥር ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ፍጥነት ብቻ ስለምናወራ። ይሄ አትንቀሳቀስ የሚባለው ሕግ ሥሩ ደኅንነት ነው። በ1969 ባርሴሎና ሞንትዩዪክ ላይ የሎተስ መኪኖች በቀጭን እግር ከፍ ብሎ የተተከለ ክንፍ ነበራቸው። ክንፎቹ ጫናውን አልቻሉም፣ ተሰበሩ። የቡድኑ ሹፌሮች ግራሃም ሂልም ዮኸን ሪንትም አንድ ውድድር ላይ አደጋ ደረሰባቸው፣ ሪንት ተጎዳ። በሚቀጥለው ውድድር ሞናኮ ላይ እነዚያ ክንፎች ታገዱ። ማስጠንቀቂያም የሽግግር ጊዜም አልተሰጠም። በሥራዬ ምክንያት ይመስለኛል፣ ክንፍ ሲለመጥ ሳይ መጀመሪያ የማስበው ስንት ጊዜ ከተለመጠ በኋላ እንደሚሰነጠቅ ነው።

ቀይ ደም፦

ፖል ፖዚሽን፣ 2007ን አነሳህ፣ ተቀብያለሁ፣ እኛም ተጠቅመንበታል። ስለዚህ እኛ ላይ የደረሰውንም ልናገር፣ ከክንፍ ውጭ ቢሆንም ጉዳዩ ያው ነው።

በ2019 ሞተራችን ላይ ጥርጣሬ ተነሳ። ኤፍአይኤ መረመረ። በ2020 የካቲት መጨረሻ በፈረንጆቹ አንድ አጭር መግለጫ ወጣ፣ ከፌራሪ ጋር ስምምነት ላይ ደርሰናል፣ ዝርዝሩ በሁለታችን መሃል ይቀራል የሚል። ሰባት ቡድኖች ተባብረው ተቃወሙ። ምንም አልተነገራቸውም። በ2020 ፌራሪ ከ2ኛ ወደ 6ኛ ወረደ።

እኔ እስከ ዛሬ አጥፍተናል ወይስ አላጠፋንም የሚለውን አላውቅም። አጥፍተን ከሆነ ይነገረኝ፣ እቀበላለሁ። አላጠፋንም ከሆነ ስማችን ይጽዳ። አሁንም ሰው «አጭበርባሪዎች» ሲለን የምመልስበት ወረቀት የለኝም። ለዚህ ነው የባኩ ክንፍ በስልክና በስብሰባ ሲያልቅ ደሜ የሚፈላው። ማክላረን ይሰረዝ አላልኩም። ምን ተነጋገራችሁ? ኤፍአይኤ ምን ጠየቀ? ክንፉ በየት በኩል ተለወጠ? ይሄን ጻፉልን።

ብርቱካናማው፦

በዚህ እስማማለሁ። እንዲያውም ለኛም ይጠቅመን ነበር። ወረቀቱ በይፋ ቢወጣ ኖሮ «ሚኒ ዲአርኤስ» እያሉ ባልሰደቡን።

ሰንበት ከሰዓት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ነው የጠራልኝ።

አሁን የሚመስለኝን ልናገር። ባኩ ላይ ፒያስትሪን መሰረዝ ነበረበት አልልም፣ ካርቦን እንዳለው በሚለካ ነገር ነው መዳኘት ያለበት። ኤፍአይኤ ግን ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፣ ገንዘብም አይፈጅም። አንደኛ፣ ለቡድኖቹ የሚልከውን የቴክኒክ መመሪያ ለሕዝብም ያውጣ። አሁን ለቡድኖቹ ብቻ ነው የሚላከው፣ እኛ የምንሰማው ጋዜጠኛ ካነፈነፈ ነው። ሁለተኛ፣ የደኅንነት ጉዳይ ካልሆነ በስተቀር ምርመራው በክረምት ዕረፍት ብቻ ይለወጥ። በዓመቱ መሃል አይነካ። ያኔ ቡድን ሁሉ በምን እንደሚለካ አውቆ ይገነባል፣ ማንም በሰኔ ተበደልኩ አይልም።

ፖል ፖዚሽን፦

በመጀመሪያው መቶ በመቶ። በሁለተኛው አልስማማም። በመጋቢት አንድ ቡድን ምርመራውን የሚያታልል ክንፍ ይዞ ቢመጣ እስከ ታኅሣሥ እያየነው ልንቀመጥ ነው? ሌሎቹም ተመሳሳዩን ለመሥራት ገንዘባቸውን ያፈሳሉ፣ በክረምት ደግሞ ሁሉም ይጥለዋል። እኔ ብሆን ቀኑን አሳጥረዋለሁ። ጥፋት ተገኘ፣ በሚቀጥለው ውድድር ይታረም፣ ይቅርታ የሚባል መቶኛ የለም። 2021 ላይ ያ ቢሆን ሞናኮና ባኩ ንጹሕ ይሆኑ ነበር።

ሰንበት ከሰዓት፦

በሚቀጥለው ውድድር ማለት በሰባት ቀን አዲስ ክንፍ መሥራት ማለት ነው፣ ትናንሾቹ ቡድኖች ከየት ያመጡታል?

ካርቦን፦

ከባድ ነው ግን የማይቻል አይደለም። አዲስ ክንፍ መጋገር አያስፈልግህም፣ ያለውን ላዩ ላይ ንብርብር ጨምረህ ታጠነክረዋለህ። ይከብዳል፣ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ምርመራውን ያልፋል። ማክላረንም ከባኩ በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነው እቀይራለሁ ያለው፣ ሲንጋፖር ላይም ኖሪስ አሸነፈ።

ስለ 2026 ለምትጠይቁኝ ደግሞ፦ በአዲሱ ሕግ ሹፌሩ ቀጥታ መንገድ ላይ የፊቱንም የኋላውንም ክንፍ በሕግ ይከፍታል፣ ዲአርኤስ የሚባለው ቀርቷል። ይሄ የኋላ ክንፉን ጭቅጭቅ ይቀንሰዋል፣ ምክንያቱም ቀጥታው ላይ ተደብቀህ የምታገኘው ነገር አሁን ለሁሉም ተፈቅዷል። ኩርባ ላይ ግን ክንፉ ዝግ ነው፣ የፊት ክንፍ መለመጥ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እዚያው ነው። የክብደት ምርመራውም ስለዚህ አልቀረም።